ከሙከራው ክፍል እስከ ንድፉ ጠረጴዛ፦ በሕክምና መሣሪያ ቡድኖች ውስጥ የሂዩማን ፋክተርስ መሐንዲስ ቃል እንዴት ይደርሳል?

እ.ኤ.አ. በ2006 በካናዳ ለአንዲት የካንሰር ታካሚ በ4 ቀናት ውስጥ ቀስ እያለ ወደ ደም ሥሯ እንዲገባ የታዘዘው የኬሞቴራፒ መድኃኒት በ4 ሰዓት ውስጥ ገብቶ አለቀ፤ ታካሚዋም ሳምንታት ቆይታ ሕይወቷ አለፈ። መድኃኒቱ ፍሉሮዩራሲል ነበር። በፓምፑ ላይ መሞላት የነበረበት ፍጥነት በሰዓት 1.2 ሚሊ ሊትር ሲሆን የተሞላው ግን 28.8 ነው። ይህ ቁጥር እንዲያው ከሰማይ የወረደ አልነበረም፤ 1.2 በ24 ሲባዛ የሚገኝ የአንድ ቀን መጠን ነው፤ በመድኃኒቱ መለያ ወረቀት ላይም ከሰዓቱ መጠን ጋር አብሮ ታትሞ ነበር። ስሌቱን የሠሩት ነርስ በ24 ማካፈሉን ዘለሉት። ሌላ ነርስም አመሳከሩ። የተገኘው ቁጥር በወረቀቱ ላይ ተጽፎ ሲታይ ለትክክለኛነቱ ማረጋገጫ መሰለ፤ ፓምፑም የታዘዘውን ሠራ።

ይህን አደጋ በአንድ ዓረፍተ ነገር ንገረን የተባለ ሰው «ነርሷ ተሳስተው ሞሉ» ሊል ይችላል፤ ውሸት አልተናገረም። ሌላው ደግሞ «የቀኑና የሰዓቱ መጠን በአንድ ወረቀት ላይ አብረው ቀረቡ፤ ፓምፑም 24 እጥፍ የሆነውን ቁጥር ያለ ጥያቄ ተቀበለ» ይላል። ሁለቱም ስለ አንድ ክስተት ተናገሩ፤ ነገር ግን የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ነርሷን ወደ ሥልጠና ሲልክ ሁለተኛው ወረቀቱንና ፓምፑን ወደ ሠሪዎቻቸው ይመልሳል። የሂዩማን ፋክተርስ መሐንዲስ የሚባለው ባለሙያ የሚሠራው በእነዚህ ሁለት ዓረፍተ ነገሮች መካከል ባለው ርቀት ላይ ነው። ሥራው መሣሪያው ከተጠቃሚው ዐይንና እጅ፣ ከማስታወስ አቅሙና ከድካሙ፣ ከሚሠራበት ክፍል ብርሃንና ጫጫታ ጋር እንዲስማማ ማድረግ ነው። ስለ ሙያው ሲጻፍ ብዙ ቦታ የሚሰጠው ችግር የሚገኝበት ዘዴ ነው፤ ምልከታው፣ ቃለ ምልልሱ፣ ሙከራው። በእኔ ግምት ከዚያ የሚከብደው፣ የተገኘው ነገር ስለቱን ሳያጣ ንድፉን መለወጥ ወደሚችለው ሰው የሚደርስበት መንገድ ነው። ይህ ባለሙያ የኤሌክትሮኒክስ ዑደቱን አይበይድም፣ ኮዱን አይጽፍም፣ ፕላስቲኩን አይቀርጽም፤ ያለው መሣሪያ ንግግርና ጽሑፍ ብቻ ነው።

ንግግሩ የሚጀምረው ከስያሜ ነው። ስለ ሕክምና መሣሪያዎች አጠቃቀም የሚደነግገው አይኢሲ 62366 የተባለው ዓለም አቀፍ ደረጃ እ.ኤ.አ. በ2007 ሲወጣም ሆነ በ2015 አይኢሲ 62366-1 ሆኖ ሲሻሻል የተጠቀመው ቃል «የአጠቃቀም ስህተት» የሚለው ነው እንጂ «የተጠቃሚ ስህተት» የሚለው አይደለም። የአሜሪካው የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር፣ በተለምዶ ኤፍዲኤ የሚባለው፣ እ.ኤ.አ. በየካቲት 2016 ባወጣው መመሪያ ይህንኑ ስያሜ ይዟል፤ እ.ኤ.አ. ከግንቦት 26 ቀን 2021 ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለው የአውሮፓ ኅብረት የሕክምና መሣሪያዎች ደንብም በአጠቃቀም ስህተት የሚመጣን ስጋት ማስወገድ ወይም መቀነስን በአምራቹ ላይ ግዴታ አድርጎ ጥሏል። ልዩነቱ ለጨዋነት ሲባል የተመረጠ ቃል ሊመስል ይችላል፤ ስብሰባ ላይ የተቀመጠ ሰው ግን ጉዳዩ ሌላ መሆኑን ያውቃል። «ተጠቃሚው ተሳሳተ» ሲባል የዓረፍተ ነገሩ ባለቤት በክፍሉ ውስጥ የለም፤ ስለዚህ በክፍሉ ውስጥ ያሉት ሁሉ የቤት ሥራ ሳይሰጣቸው ይነሳሉ። «በአጠቃቀሙ ላይ ስህተት ተፈጠረ» ሲባል ግን የትኛው የመሣሪያው ክፍል፣ በምን ሁኔታ፣ ምን አሳይቶ ወይም ምን ሸሽጎ የሚል ጥያቄ ይከተላል፤ መልሱም ከተሰብሳቢዎቹ መካከል የአንዱን በር ያንኳኳል።

ጥያቄው ከሕክምናው ዓለም በፊት በአውሮፕላን ውስጥ ተነስቷል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የአሜሪካ ቢ-17 አብራሪዎች መሬት ካረፉ በኋላ የክንፉን ፍላፕ (በክንፉ የኋላ ጠርዝ ያለውን ታጣፊ ክፍል) የሰበሰቡ መስሏቸው ጎማውን ወደ ውስጥ እያጠፉ አውሮፕላኑን በሆዱ ያስቀምጡት ነበር። የሥነ ልቦና ባለሙያው አልፎንስ ቻፓኒስ ሲመረምር ሁለቱ መቆጣጠሪያዎች ጎን ለጎን የተቀመጡና መልካቸው አንድ ዓይነት ሆኖ አገኛቸው። መፍትሔውም አብራሪዎችን መገሠጽ ሳይሆን አንዱን እጀታ የጎማ፣ ሌላውን የክንፍ ቅርጽ ማስያዝ ሆነ፤ ይህ አሠራር እስከ ዛሬ በአውሮፕላኖች ላይ አለ።

አሁን አንድ የምናብ ሙከራ በቅርብ እንመልከት። አዲስ የመድኃኒት ፓምፕ እየተሠራ ነው እንበል። የሆስፒታል ክፍል መስሎ በተዘጋጀ ቦታ፣ የሌሊት ተረኛ እንደሚያገኘው ብርሃን ደብዘዝ ተደርጎ፣ አንዲት ነርስ በሰዓት 5.5 ሚሊ ሊትር እንድትሞላ ካርድ ይሰጣታል። 5ን ትጫናለች፣ ነጥቡን ትጫናለች፣ ደግማ 5ን ትጫናለች። የነጥቡ ቁልፍ ትንሽ ነው፤ መጫኑንም በድምፅ አያሳውቅም፤ በጓንት የተሸፈነ ጣቷ ነካው እንጂ አልተጫነውም። ስክሪኑ 55 ይላል። ነርሷ ስክሪኑን እያየች ጮክ ብላ «አምስት ነጥብ አምስት» ብላ ታነባለች፤ ቀጥላም ማስጀመሪያውን ትጫናለች። ሰነፍ አይደለችም፤ አረጋግጣለች። ዐይኗ ያነበበው ግን ጣቷ የጻፈውን ሳይሆን ልቧ የጠበቀውን ነው።

ነርሷ ሳታየው ከውጭ በኩል በሚያሳይ መስተዋት ጀርባ ሆኖ ይህን ያየ ሰው አይረሳውም። ከሦስት ሳምንት በኋላ የሚወጣው ባለ 80 ገጽ ሪፖርት ግን ብዙ ጊዜ እንዲህ ይላል፦ «አንዲት ተሳታፊ የፍጥነት መጠን በማስገባት ረገድ ችግር ገጥሟታል፤ የነጥብ ቁልፉን ምቹነት ማሻሻል ይመከራል።» በዚህ ዓረፍተ ነገር ውስጥ 10 እጥፍ መድኃኒት የለም፣ ጮክ ያለው ንባብ የለም፣ ጓንቱም የለም። «ምቹነት» የሚለው ቃል ደግሞ ጉዳዩን ከደኅንነት አውጥቶ ከውበትና ከድሎት ጎራ ይመድበዋል፤ ምቹነት ጊዜና ገንዘብ ሲተርፍ የሚታይ ነገር ነው። የፕሮጀክቱ ሥራ አስኪያጅ ይህን አንብበው ለሚቀጥለው ምርት ቢያስተላልፉት ልንወቅሳቸው አንችልም፤ ያነበቡት እንዲያ ይላልና።

የተሻለው አጻጻፍ ረጅም መሆን አያስፈልገውም። ምን ሊደረግ እንደታሰበ፣ ምን እንደተደረገ፣ ተሳታፊዋ ለምን ትክክል እንደመሰላት፣ በታካሚው ላይ ምን ሊደርስ እንደሚችል በአራት ዓረፍተ ነገር ይቀመጣል። «5.5 ለመሙላት ሞክራ 55 ሞላች፤ የነጥቡ ቁልፍ አለመጫኑን የሚያሳውቅ ምልክት አልነበረም፤ ስክሪኑን አይታ 5.5 ብላ አነበበች፤ ውጤቱ 10 እጥፍ መድኃኒት ነው።» ከዚህ በኋላ ያለው ሥራ ይህን አንድ ነገር ለየሰሚው በየቋንቋው ማድረስ ነው። የሶፍትዌር መሐንዲሱ የሚፈልገው ችግሩን በራሱ ጠረጴዛ ላይ መልሶ ማየት ነው፤ ስለዚህ የቁልፎቹ ቅደም ተከተል፣ የጊዜው ርዝመትና መሣሪያው ራሱ የመዘገበው ማኅደር ይሰጠዋል። የሜካኒካል መሐንዲሷ የምትፈልገው ቁልፉ ስንት ሚሊ ሜትር እንደሆነ፣ ምን ያህል እንደሚወርድና የጓንቱ ዓይነት ምን እንደነበረ ነው። የስጋት አስተዳደር ፋይሉን የያዘው ባልደረባ ስለ ነርሷ ታሪክ ሊሰማ ይችላል፤ የሚሠራበት ግን በሠንጠረዡ ውስጥ አንድ ረድፍ ነው፦ ተግባሩ፣ ስህተቱ፣ አደገኛው ሁኔታ፣ ጉዳቱ፣ መከላከያው። የሲስተም መሐንዲሱ ደግሞ ሊለካ የሚችል መስፈርት ካልተሰጠው ምንም ማድረግ አይችልም፤ «ቁልፉ ግልጽ ይሁን» የሚል ነገር አይለካም፤ «ማንኛውም የተሳካ የቁልፍ መጫን በዚህን ያህል ጊዜ ውስጥ በድምፅና በስክሪን ይገለጽ» የሚለው ግን ይለካል። ሐኪሟ አማካሪ የምትጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ መድኃኒቱ ምንድን ነው? በ10 እጥፍ የገባ የጨው ውሃና በ10 እጥፍ የገባ ኢንሱሊን አንድ አይደሉም።

ሁሉንም በአንድ ሪፖርት ለሁሉም መላክ ሥራ ቆጣቢ ይመስላል። ውጤቱ ግን እያንዳንዱ አንባቢ «ይህ የእገሌ ጉዳይ ነው» ብሎ ገጹን እንዲያልፍ ነው።

ከዚህ ሁሉ በላይ መግባባት የሚሰበርበት ቦታ ቁጥር ላይ ነው። የኤፍዲኤ መመሪያ ለመጨረሻው የማረጋገጫ ሙከራ ከእያንዳንዱ የተጠቃሚ ዓይነት ቢያንስ 15 ተሳታፊዎች እንዲገኙ ይመክራል። ከ15ቱ መካከል 14ቱ በትክክል ሠርተው አንዷ 55 ብትሞላ፣ በስብሰባው ላይ የሚሰማው የመጀመሪያ ቃል ብዙ ጊዜ «አንድ ሰው ብቻ ነው» የሚል ይሆናል። ይህን የሚለው ሰው ክፉ ወይም ግዴለሽ አይደለም። የፕላስቲክ ጥንካሬ ወይም የባትሪ ዕድሜ የሚፈትን መሐንዲስ በስታቲስቲክስ ያስባል፤ 14 ከ15 ማለት ወደ 93 በመቶ ነው፤ 93 ደግሞ በትምህርት ቤት ጥሩ ውጤት ነበር። የሂዩማን ፋክተርስ መሐንዲሱ እዚህ ላይ «ደንቡ አይፈቅድም» ብሎ ቢመልስ ክርክሩን ያሸንፍ ይሆናል፤ ባልደረባውን ግን አላሳመነም። በሚቀጥለው ጊዜ ባልደረባው ደንቡ ዝም ያለበትን ቀዳዳ ይፈልጋል።

የሚሻለው ሒሳቡን በሒሳብ መመለስ ነው። ከ10 አጠቃቀም አንዴ የሚከሰት ስህተት አለ እንበል። 15 ሰዎች አንድ አንድ ጊዜ ቢሞክሩት ስህተቱ ጭራሽ ሳይታይ የማለፍ ዕድሉ ወደ 21 በመቶ ነው። ከ100 አንዴ የሚከሰት ከሆነ ደግሞ 86 በመቶ በሚሆን ዕድል ማንም ሳያየው ያልፋል። እንግዲህ 15 ሰው ያለው ሙከራ ብርቅ የሆኑ ስህተቶችን የሚይዝ መረብ አይደለም፤ ቀዳዳው ሰፊ ነው። በዚህ ሰፊ ቀዳዳ ውስጥ አንድ ዓሣ ከተያዘ ባሕሩ ውስጥ ስንት እንዳለ ማሰብ ይገባል። አንድ ፓምፕ በዕድሜው ስንት ሺህ ጊዜ እንደሚሞላ ለቡድኑ ማስላት ደግሞ ለማንም አይከብድም። ከዚያም ሁለተኛው ነጥብ ይመጣል፦ የማረጋገጫ ሙከራው ዓላማ መቶኛ ማውጣት ሳይሆን ለእያንዳንዱ ስህተት ምክንያቱን ማግኘት ነው። መመሪያው ወሳኝ ተግባራትን የሚለየው ስህተቱ ስንት ጊዜ ይደርሳል በሚል ሳይሆን ቢደርስ የሚያስከትለው ጉዳት ምን ያህል ከባድ ነው በሚል ነው፤ የሰው ስህተት ድግግሞሽ መሣሪያው ገበያ ሳይወጣ በእርግጠኝነት ሊገመት አይችልምና። አንዷ ተሳታፊ የተሳሳተችው ካርዱ ላይ ያለው ጽሑፍ ስለደበዘዘ ከሆነ ጉዳዩ የሙከራው ነው፤ ቁልፉ ስላላሳወቃት ከሆነ ግን 14ቱ ሰዎች የተረፉት በመሣሪያው አይደለም፤ በራሳቸው ጥንቃቄ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር፤ «በ14ቱ ላይ ምን ሆነ?» ብሎ መጠየቅ ብዙ ጊዜ ይረሳል። በሠንጠረዡ ውስጥ «ተሳክቷል» ተብለው ከተመዘገቡት መካከል ሦስቱ 55 አይተው ደንግጠው ያረሙ ሊሆኑ ይችላሉ። ለጥቂት የዳኑትን ከተሳካላቸው ጋር ደባልቆ ማቅረብ ቡድኑን እንደ መዋሸት ይቆጠራል ባልልም፣ ከዚያ ብዙም አይርቅም።

ከሪፖርት የሚበልጥ ኃይል ያለው ማየት ነው። ኮዱን የጻፈው ሰው ራሱ ከመስተዋቱ ጀርባ ተቀምጦ ነርሷ «አምስት ነጥብ አምስት» ስትል ከሰማ በኋላ ስለ ጉዳዩ አስፈላጊነት ማስረዳት አያስፈልግም፤ አብዛኛውን ጊዜ ከክፍሉ ሳይወጣ መፍትሔ ማሰብ ይጀምራል። ሆኖም ማየትም የራሱ ሥርዓት ይፈልጋል። ሠሪው ተሳታፊዋ ስትቸገር ሲያይ ሊረዳት ይቸኩላል፤ «እሱን አይደለም፣ ከላይ ያለውን ተጫኚ» ማለት ያምረዋል። አለዚያም ባየው አንድ ሰው ተማርኮ ከሌሎቹ 14 ሰዎች የተገኘውን ሁሉ ይረሳል። ልምድ ያላቸው ባለሙያዎች ለተመልካቾቹ ከመግባታቸው በፊት አጭር ማሳሰቢያ ይሰጧቸዋል፦ አትናገሩ፣ ያያችሁትን ከገመታችሁት ለይታችሁ ጻፉ፣ መፍትሔውን ለነገ አቆዩት። መምጣት ለማይችሉት የ40 ሰከንድ የቪዲዮ ቁራጭ ከ40 ገጽ ይበልጣል፤ ይህ ግን የተሳታፊውን ፈቃድና ክብር ጠብቆ እንጂ የመሣሪያው ሠሪዎች የሚስቁበት ትዕይንት ሆኖ መቅረብ የለበትም።

ስለ መልእክት መድረስና አለመድረስ ሲነገር ቴራክ-25 የተባለው የጨረር ሕክምና መሣሪያ ታሪክ ሳይነሳ አይታለፍም። እ.ኤ.አ. ከ1985 እስከ 1987 ባለው ጊዜ ይህ መሣሪያ በአሜሪካና በካናዳ በታወቁ 6 አጋጣሚዎች ለታካሚዎች እጅግ ከመጠን ያለፈ ጨረር ሰጥቷል፤ ሰዎችም ሞተዋል። ታሪኩ ብዙ ጊዜ የሚነገረው እንደ ሶፍትዌር ብልሽት ነው። በቅርብ ሲነበብ ግን ከጫፍ እስከ ጫፍ የመግባባት ታሪክ ነው።

መሣሪያው ችግር ሲገጥመው በስክሪኑ ላይ «ማልፈንክሽን 54» (ብልሽት 54) የሚል ጽሑፍ ብቻ ያሳይ ነበር። 54 ምን ማለት እንደሆነ ለኦፕሬተሮቹ የተሰጠው መመሪያ አያብራራም። መሣሪያው በየቀኑ በጥቃቅን ምክንያት እየቆመ ተመሳሳይ ቁጥሮችን ስለሚያሳይ ኦፕሬተሮቹ አንድ ፊደል ተጭኖ ሥራውን መቀጠልን ለምደውታል። እንግዲህ ይህች አጭር ጽሑፍ የተጻፈችው ሶፍትዌሩን ለሠራው ሰው ነው፤ የምታነባት ግን ታካሚ አልጋ ላይ አስተኝታ በሌላ ክፍል የተቀመጠች ኦፕሬተር ነበረች። በቡድኑ ውስጥ «ይህን የሚያነበው ማነው? አንብቦስ ምን ያደርጋል?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ቢኖር ኖሮ የሚል ሐሳብ ይመጣል።

ይበልጥ የሚያስተምረው ግን ስህተቱ የተገኘበት መንገድ ነው። በቴክሳስ ጠቅላይ ግዛት ታይለር ከተማ በሚገኝ የካንሰር ማዕከል የሚሠሩት የሕክምና ፊዚክስ ባለሙያና ኦፕሬተሯ በጋራ ተቀምጠው ያን መልእክት የሚያመጣውን ነገር ደጋግመው ፈለጉ፤ በመጨረሻም ምስጢሩ ፍጥነት መሆኑን ደረሱበት። ልምድ ያላት ኦፕሬተር መረጃውን አስገብታ፣ ስህተቷን አይታ፣ በ8 ሰከንድ ውስጥ አርማ ስትጨርስ መሣሪያው እርማቱን አይከታተልም ነበር። የአምራቹ መሐንዲስ ግን ችግሩን መድገም እንዳልቻለ ስልክ ደውሎ ተናገረ። እንዲያው በፍጥነት መሠራት እንዳለበት ሲነገረው ነው እሱም ያገኘው። ቆም ብለን ብናስብ፣ መሐንዲሱ በጥንቃቄ፣ ቀስ ብሎ፣ ሁሉንም እርምጃ ተከትሎ ሞክሯል፤ ትክክለኛ ሙከራ ብሎ የሚያምነው ይህ ነው። ኦፕሬተሯ ግን በቀን ብዙ ታካሚ የምታስተናግድ፣ ጣቶቿ ቁልፎቹን ያለ ዐይን የሚያውቁ ሰው ነበረች። አስፈላጊው መረጃ በስህተት ሪፖርቱ ውስጥ ሊገባ የማይችል፣ «እንዴት ትሠራለች?» ተብሎ ሲጠየቅ ብቻ የሚወጣ ነገር ነበር። ዛሬ የሂዩማን ፋክተርስ መሐንዲስ በሶፍትዌር ቡድን ውስጥ የስህተት ትኬት (እንዲታረም የሚመዘገብ ችግር) ሲከፍት ከቁልፎቹ ቅደም ተከተል ጋር የሰውዬውን ልምድ፣ ፍጥነትና በዚያች ደቂቃ ሌላ ምን እየሠራ እንደነበር መጻፍ ያለበት ለዚህ ነው።

በዚያው ታሪክ ውስጥ ብዙም የማይነሳ ሌላ ነገር አለ። ኦፕሬተሮቹ ቀደም ሲል መረጃ ማስገባቱ ጊዜ ይወስድብናል ብለው አመልክተው ነበር፤ አምራቹም ሰምቶ፣ በአንድ ቁልፍ እየተጫኑ ቀድሞ የገባውን መረጃ መገልበጥ እንዲቻል አደረገ። ተጠቃሚው ተደመጠ ማለት ነው። ነገር ግን የተደመጠው ጥያቄው እንጂ ሥራው አልነበረም፤ ሥራው ፈጥኖ ሲያልቅ ከማረጋገጡ ምን እንደሚቀር የጠየቀ የለም። ስለዚህ «ተጠቃሚዎቹ ይህን ፈለጉ» ብሎ ለቡድኑ ማቀበል የዚህን ባለሙያ ሥራ ለፖስተኛ መስጠት ነው። ተጠቃሚው ህመሙን ያውቃል፤ መድኃኒቱን ማዘዝ ግን ከእሱ አይጠበቅም።

በስብሰባ ላይ ደጋግሞ የሚሰማ ሌላ ቃል አለ፦ «በመመሪያው ላይ ይጻፍ።» ለዚህ መልስ ለመስጠት የግል አስተያየት አያስፈልግም፤ አይኤስኦ 14971 የተባለው የስጋት አስተዳደር ደረጃ ቅደም ተከተሉን አስቀምጦታል። መጀመሪያ ንድፉ ራሱ ከአደጋ የራቀ እንዲሆን ይደረጋል፤ ያ ካልተቻለ መከላከያ ይገባለታል፤ ማስጠንቀቂያ ጽሑፍና ሥልጠና በመጨረሻው ረድፍ ላይ ናቸው። ለአመጋገብ የታሰበ ፈሳሽ በስህተት ወደ ደም ሥር መስመር ተገጥሞ የገባባቸው አደጋዎች ለዓመታት በጽሑፍና በቀለም ምልክት ሲመከቱ ቆይተዋል፤ ቱቦዎቹ እርስ በርስ እስከተገጠሙ ድረስ ግን አደጋው ቀጠለ። አይኤስኦ 80369 በሚል ቁጥር የወጡት ደረጃዎች የመጡት ማያያዣዎቹ ከነጭራሹ እንዳይጋጠሙ ቅርጻቸውን ለመለየት ነው። ሌሊት 9 ሰዓት ላይ የደከመች ነርስ ማስጠንቀቂያውን ባታነብም፣ የማይገጥም ቱቦ አይገጥምም። ይህን ምሳሌ ለሜካኒካል መሐንዲስ ሲነግሩት ወዲያው ይገባዋል፤ በራሱ ቋንቋ የተነገረ ነውና።

እስከ አሁን የተባለው ሁሉ ሌሎቹ እንዲሰሙ ነው። ይህ ባለሙያ ራሱ የማይሰማባቸው ጊዜያትም ጥቂት አይደሉም፤ «አይሰሙንም» ከሚለው የሙያው የዘወትር ስሞታ ግማሹ፣ እንደ እኔ አስተያየት፣ በገዛ እጅ የመጣ ነው። ንድፉ ከተዘጋ፣ የፕላስቲኩ ቅርጽ ማውጫ ከታዘዘ በኋላ የሚመጣ ግኝት ምንም ያህል ትክክል ቢሆን የሚሰማው እንደ ክስ ነው። የነጥቡ ቁልፍ ለምን ትንሽ ሆነ? ምናልባት ገጽታው በአልኮል ሲወለወል ፈሳሽ እንዳያስገባ ሲባል ቁልፎቹ በአንድ ሽፋን ሥር ስለተቀመጡ ነው፤ ሽፋኑ ደግሞ ከዚህ በላይ ቦታ አይሰጥም። ይህን ጠይቆ የተረዳ ሰው «ቁልፉን አሳድጉ» ብሎ ከመሟገት ይልቅ «ድምፅ እንጨምር፣ ከነጥብ በኋላ ያለውን አሃዝ በስክሪኑ ላይ አነስ አድርገን እናሳይ፣ ከመድኃኒቱ የተለመደ ወሰን ያለፈ መጠን ሲሞላ ፓምፑ ይጠይቅ» ብሎ ሦስት መንገድ ይዞ ይቀርባል፤ የትኛውም ከመወሰኑ በፊትም ባልተጠናቀቀ ናሙና ላይ፣ በካርቶንም ቢሆን፣ በአምስት ስድስት ሰው ይሞከራል። እንዲህ ያሉ ትናንሽ ሙከራዎች በየጊዜው ሲደረጉ ውይይቱ የፍርድ መልኩን ያጣል፤ ማንም ገና ልቡን ያልሰጠውን ነገር ለመለወጥ አይቸገርም።

የዛሬው ፈታኝ ጥያቄ ግን መሣሪያው ካለቀ በኋላም የማያልቅ መሆኑ ነው። ሶፍትዌር ያላቸው መሣሪያዎች በየጊዜው ይታደሳሉ፤ ቡድኖች በሁለት ሳምንት ዙር ይሠራሉ፤ በአንዱ ዙር ውስጥ የአንድ ቁልፍ ቀለም ወይም የአንድ ማረጋገጫ ጥያቄ ቃል ሲለወጥ ለሠሪው የግማሽ ቀን ሥራ ነው። ኤፍዲኤ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2022 ያወጣው ረቂቅ መመሪያ ከሚያነሳቸው ጥያቄዎች መካከል ለውጡ የተጠቃሚ ገጽታን፣ ማለትም መሣሪያው ከተጠቃሚው ጋር የሚገናኝበትን ሁሉ፣ እንዲሁም ወሳኝ ተግባራትን ይነካል ወይ የሚለው ዋናው ነው። ጥያቄው ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን መልሱን የሚያውቀው ሰው ለውጡን ያላየው፣ ለውጡን ያየው ሰው ደግሞ መልሱን የማያውቀው ሊሆን ይችላል። የማስጠንቀቂያ ድምፅን በግማሽ ሰከንድ ያሳጠረ ፕሮግራመር የተጠቃሚ ገጽታ ለወጥኩ ብሎ አያስብም፤ ለእሱ ገጽታ ማለት ስክሪን ነው። እ.ኤ.አ. ከየካቲት 2 ቀን 2026 ጀምሮ አሜሪካ የጥራት ሥርዓት ደንቧን አይኤስኦ 13485 ከተባለው የሕክምና መሣሪያዎች ጥራት አስተዳደር ደረጃ ጋር አዋህዳለች፤ ይህም አምራቾች የለውጥ መቆጣጠሪያ ቅጾቻቸውን መልሰው ለማየት አመቺ አጋጣሚ ነው፤ በቅጹ ላይ «የተጠቃሚ ገጽታ ተለውጧል? አዎ/አይ» ከሚል ሳጥን ይልቅ «ተጠቃሚው የሚያየው፣ የሚሰማው፣ የሚነካው ወይም የሚጠብቀው ነገር ተለውጧል?» የሚል ጥያቄ ማስገባት ጥቂት ቃላት ቢሆንም ፕሮግራመሩን ያቺን ግማሽ ሰከንድ ያስታውሰዋል።

ወደ 28.8 እንመለስ። ያን ቁጥር የተሸከመው ወረቀት የፓምፑ አካል አልነበረም፤ የመድኃኒት ክፍሉ ያዘጋጀው ነው። ፓምፕ የሚሠራ ቡድን ሙከራ ሲያደርግ ለተሳታፊዎቹ ብዙ ጊዜ የሚሰጠው ደግሞ ንጹሕ ካርድ ነው፤ «በሰዓት 1.2 ሚሊ ሊትር ሙላ» ይላል። በዚህ ካርድ 15 ሰው ቢፈተን 15ቱም ሊያልፉ ይችላሉ፤ ስሌቱን ካርዱ ሠርቶላቸዋልና። ከላይ ያነሳናት የ5.5 ነርስም ብትሆን የተፈተነችው በእንዲህ ያለ ካርድ ነበር። የሂዩማን ፋክተርስ መሐንዲሱ በሙከራ ዕቅዱ ስብሰባ ላይ ሊጠይቃት የሚገባው አንዲት ጥያቄ «ነርሷ ይህን ቁጥር ከየት ታነበዋለች?» የሚል ነው። መልሱን ከቡድኑ ውስጥ የሚያውቅ ሰው ላይኖር ይችላል። ያኔ አንድ ሰው ወደ መድኃኒት ክፍል ሄዶ፣ የታካሚው ስም የተሰረዘበት እውነተኛ መለያ ወረቀት ለምኖ ይመጣል፤ በሚቀጥለው ሙከራ ካርዱ ይቀራል፤ የቀኑና የሰዓቱ መጠን አብረው የታተሙበት ወረቀት በፓምፑ አጠገብ ይሰቀላል፤ ከመስተዋቱ ጀርባም ሶፍትዌሩን የጻፈው ሰው ይቀመጣል።